ሃያ ሦስት መታወቂያ ይዤ በሹመይሲ

ሐሙስ፣ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል፤ በግዳዲያ

ሱብሒ ተሰግዶ እንዳበቃ ከቤት ወጣሁ። የበግዳዲያ መንገድ ገና አልነቃም። የነቁት ተሚስ ዳቦ የሚጋግረው የአፍጋኑ ምድጃና ፎቶ ኮፒ ቤቱ ብቻ ናቸው። በዚህ ሰሞን ጂዳ ውስጥ ገበያ የደራላቸው ፎቶ ቤትና ፎቶ ኮፒ ቤት ናቸው፤ ጎህ ሳይቀድ ሰው ፋይሉን በብብቱ ሸጉጦ ይሰለፋል። ሻይ የምጠጣባት ቡፊያ ተዘግታለች። ላውንደሪውም ተዘግቷል። ፀጉር ቤቱ በር ላይ «ለጊዜው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ እስከ መቼ እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጊዜው ጥቅምት 2006 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ 2013 መሆኑ ነው። የሳዑዲ መንግሥት ወረቀቱ ያልተስተካከለ የውጭ ሰው ሁሉ እንዲያስተካክል የሰጠው የምሕረት ጊዜ የፊታችን እሑድ ያልቃል። ይህን የማስተካከል ሥራ እዚህ ሁሉም ሰው ተስሂህ ይለዋል። ሐበሻውም፣ የመኑም፣ ፓኪስታኒውም አፉን ሲከፍት የሚወጣው ቃል እሱ ነው። ሕጉ የሚለው አጭር ነው፦ ኢቃማህ ላይ የተጻፈውን ሥራ፣ ኢቃማህ ላይ በተጻፈው ከፊል ሥር ብቻ ትሠራለህ። ኢቃማ የመኖሪያ ፈቃድ ነው፤ ከፊል ደግሞ ዋስ የሚሆንህ አሠሪ።

እኔ በኢትዮጵያውያን ልጆች ትምህርት ቤት የታሪክ መምህር ነኝ። ኢቃማዬ ግን «ሰዋቅ» ይላል፤ ሹፌር። ከሰባት ዓመት በፊት ዘመድ ያገኘልኝ ቪዛ የሹፌር ስለነበረ ነው። እውነቱን ለመናገር መኪና መንዳት አልችልም። ብስክሌትም ኮምቦልቻ ላይ አንዴ ሞክሬ ያተረፍኩት የጉልበት ጠባሳ ነው። በወረቀት ከፊሌ የሆኑት መካ የሚኖሩ አቡ ሳሊሕ የሚባሉ አዛውንት የመጋረጃ ነጋዴ ናቸው። ትምህርት ቤቱ እኔን ለመቀበል የሚያስፈልገውን ፈቃድ ያገኘው ገና ትናንት ነው፤ የቀረው የአቡ ሳሊሕ መልቀቂያ ብቻ ነው። ከትናንት ጀምሮ ስልክ ብደውል ብደውል አያነሱም።

ሰኞ ጠዋት አንደኛ ክፍለ ጊዜ የአሥረኛ ክፍል ታሪክ አለኝ። አቡ ሳሊሕ ካልለቀቁኝ ሰኞ ጠዋት ክፍል ውስጥ ሳይሆን ከሹመይሲ አጥር ጀርባ ነኝ። ሹመይሲ ወደ አገር የሚመለሰው ሰው የሚሰበሰብበት፣ በጂዳና በመካ መካከል ያለ ቦታ ነው፤ ወደ መካ የሚወስደኝ መንገድም በዚያው ያልፋል። ባለቤቴ በሩ ላይ ፋይሌን አቀበለችኝና «ሁሉም ወረቀት አለ፣ ጠረጴዛው ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ከትቼልሃለሁ» አለችኝ። አመስግኜ ወጣሁ።

12 ሰዓት ከሩብ፤ ባብ መካ

«መካ! መካ! አንድ ሰው የቀረው!»

የሚጠራው ጋሽ ሰይድ ነው። ወረኢሉ ተወልዶ መካ ያረጀ፣ ሠላሳ ዓመት ይህን መንገድ የተመላለሰ ሰው ነው። ካምሪዋ ከእሱ ቀጥላ የምታረጅ ትመስላለች። ከኋላ ሁለት ፓኪስታናውያን ግንበኞች ራስ ለራስ ተደጋግፈው ተኝተዋል። ከፊት የቀረችው ወንበር ለእኔ ሆነች፤ ዋጋው ዐሥራ አምስት ሪያል። መኪናው ከመነሳቱ በፊት ከጎኑ ካለው ቤት በሦስት ሪያል ፉል ገዝተን በሞቀ ተሚስ ቆመን በላን። ዘይቱ ሸሚዜ ላይ እንዳይንጠባጠብ አንገቴን እንደ ግመል አስግጌ ነው የበላሁት፤ ከፊል ፊት የሚቀርብ ሰው ንጹሕ መሆን አለበት።

«ኡስታዝ፣ ፊትህ ምነው የፈተና ወረቀት የጠፋበት መሰለ?» አለኝ ጋሽ ሰይድ።

«ከፊሌ ዘንድ ነው የምሄደው። ካልለቀቁኝ እሑድ ማታ አለቀልኝ።»

«አብሽር! ሰውዬው በሕይወት ካለ ይለቅሃል።»

«ስልክ አያነሱም እኮ ጋሽ ሰይድ።»

«እንግዲያው ሞቷል» አለና በራሱ ቀልድ ብቻውን ሳቀ። እኔ ስልኬን አውጥቼ እንደገና ሞከርኩ። አይቶኝ ነው መሰል ትከሻዬን መታ አድርጎ «ወላሂ ቀልዴን ነው። ያላ ግባ» አለኝ።

1 ሰዓት፤ አውራ ጎዳናው ላይ

ከጂዳ ሲወጣ መንገዱ ሰፊና ለስላሳ ነው። ግራና ቀኙ ጥቁር ድንጋያማ ኮረብታ፣ አልፎ አልፎ ነዳጅ ማደያ፣ ከሽቦው ወዲያ ግመሎች። መኪናው ግን ሳስቷል። አልፈውን ከሚሄዱት ብዙዎቹ መጋረጃቸው የተዘጋ አውቶቡሶች ናቸው። ጋሽ ሰይድ አንዱን በአገጩ አሳየኝና «ወደ ሹመይሲ» አለኝ።

ጊዜውን ልጠቀምበት ብዬ ወረቀቶቼን ላደራጅ ፋይሌን ከፈትኩ። ከመካከላቸው የአሥረኛ ክፍል ልጆቼ የቤት ሥራ ወጣ።

የአሥረኛ ክፍል ትምህርታችን ናዚዎች በጀርመን ሥልጣን ከያዙ በኋላ በአይሁዶች ላይ ስላወጧቸው ሕጎች ነው። መጽሐፉ የሰጠው አንድ አንቀጽ ነው፤ እኔ ሦስት ክፍለ ጊዜ ወሰድኩበት። ልጆቹ ነገሩ በአንድ ሌሊት የመጣ እንዳይመስላቸው ስለፈለግሁ ሕጎቹን አንድ በአንድ በሰሌዳው ላይ ደረደርኩ። መጀመሪያ ከመንግሥት ሥራ አባረሯቸው፤ መምህራንም ጭምር። ቀጥሎ ዜግነታቸውን ገፈፉ፤ ከሌላው ጀርመናዊ ጋር መጋባት ከለከሉ። ከዚያ በስማቸው ላይ ሌላ ስም ጫኑባቸው፤ ፓስፖርታቸው ላይ ቀይ ፊደል መቱበት፤ ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት አስወጡ። ኋላ ሬዲዮና ብስክሌት፣ ውሻና ድመት ሳይቀር። እያንዳንዱ ሕግ ቁጥር፣ ፊርማና ማኅተም ነበረው። መጨረሻው ግድያ ሆነ፤ ሚሊዮኖችን ገደሉ።

የቤት ሥራ ስሰጥ እንዲህ አልኩ፦ «በዚያ ዘመን የነበረ አንድ ሰው አስቡ፤ መታወቂያ ሥሩለት፤ ከጀርባው የትኛው ሕግ በየትኛው ዓመት ምን እንደወሰደበት ጻፉ።» ኮምቦልቻ ቢሆን ልጆቹ ደብተር ቀደው በእርሳስ ሥለው ያመጡልኝ ነበር። የጂዳ ልጆች ግን መታወቂያ ሲባል የሚያውቁት ኢቃማ ነው። በኢቃማ ልክ ቆረጡት፤ በኢቃማ ቀለም ቀቡት። በየቤቱ በዚህ ሰሞን የተረፈ ነጭ መደብ ያለው ጉርድ ፎቶ ሞልቷል፤ የገዛ ፎቷቸውን ለጠፉበት። ሥራ፣ ከፊል፣ የሚያበቃበት ቀን ብለው ሞሉ። ከሁሉም በላይ የሀያት አማረች። ሀያት ጂዳ የተወለደች፣ አባቷ ልብስ ሰፊ የሆነ፣ ከጉለይል ሰፈር በባስ የምትመላለስ ልጅ ናት። እሷ በዐረብኛ ጽፋ፣ ክብ ማኅተም ሥላ፣ ላስቲክ አስለብሳው ነው ያመጣችው። ጎበዝ ብዬ አጨበጨብኩላት።

እንግዲህ በሳዑዲ የወረቀት ፍተሻ በከረረበት ሳምንት፣ ኬላ ወዳለበት መንገድ፣ ሃያ ሦስት የሐበሻ ልጆች ፎቶ የተለጠፈባቸውን ሃያ ሦስት የውሸት መታወቂያ ይዤ እየሄድኩ ነው። ባለቤቴ ጠረጴዛው ላይ ያገኘችውን ሁሉ ከትታለች። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ጂዳ ውስጥ፣ በዚህ ወር፣ ለልጆች መታወቂያ ሥሩ ብሎ የቤት ሥራ የሚሰጥ ሞኝ እኔ ነኝ።

ለጋሽ ሰይድ አሳየሁት። አንዱን አንስቶ ገልብጦ አየና «ሱብሓነላህ፣ ይህቺኛዋስ ከእኔ ኢቃማ ታምራለች» አለ። የሀያት ነበረች።

«ልጣላቸው?»

«በመስኮት? ካሜራ አለ። ኬላውም ያው ደረሰ። ፋይሉን ዝጋና ዚክር አድርግ።»

1 ሰዓት ከአርባ፤ ሹመይሲ

ሰልፉ ረጅም ነበር። ከመንገዱ ወዲያ ረጃጅሞቹ ሕንጻዎችና አጥሩ ይታያሉ፤ አውቶቡሶቹ ወደዚያ ይታጠፋሉ። አንድ ወጣት ፖሊስ በመስኮት ጎንበስ አለ። ጋሽ ሰይድን አለፈው። ግንበኞቹን ቀስቅሶ አይቶ አለፋቸው። የእኔን ኢቃማ ግን ይዞት ቆመ።

«ሰዋቅ ነህ?»

«አዎ።»

«ታዲያ መኪናህ የታለ፣ ያ ሰዲቅ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ ላሳየው ብዬ ፋይሉን በጥድፊያ ስከፍት ካርዶቹ ተንሸራተው ጭኔ ላይ፣ ወንበሩ ላይ፣ እግሬ ሥር ፈሰሱ። ሃያ ሦስት ፊት ወደ ላይ አየን። ከኋላ አንዱ ግንበኛ «ያ አላህ» ሲል ሰማሁ።

ፖሊሱ በሩን ከፈተልኝ። መንገድ ዳር፣ ጥላው ሥር ወሰደኝና ካርዶቹን በጠረጴዛ ላይ እንደ ካርታ ዘረጋቸው። ጋሽ ሰይድ ከመኪናው ሆኖ በዐይኑ ይማጠነኛል፤ ምን እንደሚለኝ ገብቶኛል፣ ዝርዝር አታብዛ ነው። ነገር ግን ዋሽቼ የምወጣበት መንገድ ቢኖርም እኔ አላገኘሁትም።

«የተማሪዎቼ የቤት ሥራ ነው» አልኩ። «የታሪክ ትምህርት ነው። በጀርመን አገር በአይሁዶች ላይ ስለወጡ ሕጎች።»

የሀያትን ካርድ አንስቶ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። «ስም፣ ሳራ። ሥራ፣ መምህርት፤ ተሰርዟል። ከፊል፣ ጀርመን...» ቀና አለ። «ከፊሏ አገሩ በሙሉ ነው?»

«ልጅ ናት፤ እንደመሰላት ነው የጻፈችው።»

«የሚያበቃበትን ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር አደረገችው» አለ፤ ከንፈሩ ጫፍ ላይ ፈገግታ ብልጭ ሲል አየሁ ልበል። «ኢቃማ በሂጅራ ነው። ፎርጅድ የሚሠራ ሰው ይህን አይስትም።»

እፎይ ልል ስል ኢቃማዬን ደግሞ አነሳው። «ቆይ። አንተ መምህር ነኝ አልክ። ወረቀትህ ሰዋቅ ይላል። ይኸማ ሙኻለፋ ነው፤ ሕግ መጣስ።»

ከፎርጅዱ ለመዳን ስል በገዛ አፌ ጥፋቴን ተናዘዝኩ። ሌላ የምለው ስላልነበረኝ ሁሉንም ነገርኩት፤ የትምህርት ቤቱን ፈቃድ፣ አቡ ሳሊሕን፣ የማይነሳውን ስልክ፣ ሰኞ አንደኛ ክፍለ ጊዜን። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«እሑድ ድረስ ጊዜ አለህ» አለ በመጨረሻ። «ሂድና ዛሬውኑ አስጨርስ። ከዐስር ሶላት በኋላ በመመለሻው መንገድ ላይ ነኝ። እነዚህ ግን እኔ ጋ ይቆያሉ፤ ያለቀ ወረቀት ይዘህ ስትመጣ ትወስዳቸዋለህ።»

ወደ መኪናው ተመለስኩ። ጋሽ ሰይድ ሞተሩን አስነሳ። «እኔ በሠላሳ ዓመቴ ብዙ ሰው እዚህ ሲወርድ አይቻለሁ፣ ኡስታዝ። በቤት ሥራ ሲወርድ ያየሁት ግን አንተን ነው።»

3 ሰዓት፤ መካ፣ ሚስፈላ

በሩን የከፈቱልኝ ራሳቸው አቡ ሳሊሕ ናቸው፤ አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት አሉ።

«እሰይ! ሰዋቄ መጣ!» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። ሲያገኙኝ ሁሌም እንዲህ ነው የሚሉት፤ አንድ ቀን ነድቼላቸው አላውቅም።

«ስልክዎን ስደውል...»

«ዘምዘም ገንዳ ውስጥ ጣልኩት» አሉ እጃቸውን ዘርግተው። «ተባርኳል፤ ግን አይሠራም።»

አስቀመጡኝ፤ ቴምር አቀረቡ። የመጣሁበትን ስነግራቸው አላመነቱም። «ሰባት ዓመት ሰዋቄ ሆነህ አንድ ቀን ሐረም ሳታደርሰኝ ልትሄድ ነው?» አሉና ልጃቸውን ሳሊሕን ጠሩ። ነገሩ ቀላል መሰለኝ። ሳሊሕ ኮምፒዩተሩን ከፈተ፤ የአባቱን ገጽ አወጣ፤ ከዚያ ጣቱ ሰሌዳው ላይ ቀረ።

«የይለፍ ቃሉን የምታውቀው ሀና ናት» አለ።

ሀና እህቱ ናት። የሴቶች ትምህርት ቤት ውስጥ ታስተምራለች። ክፍል ውስጥ ሆና ስልክ አታነሳም። ሳሊሕ በግምት ሁለት ጊዜ ሞከረ፤ ሦስተኛውን ልሞክር ሲል እጁን ያዝኩት። ቢቆለፍስ? «ዕረፍት እስኪወጡ እንጠብቅ» አልኩት። የአስተማሪን ሰዓት አስተማሪ ያውቀዋል፤ ከሁለተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ ትደውላለች።

አንድ ሰዓት ከሩብ ጠበቅን። አቡ ሳሊሕ የመጋረጃ ናሙና እያወጡ ያሳዩኛል፤ እኔ የማየው የግድግዳውን ሰዓት ነው። መልስ ልሰጥበት ያልቻልኩት ጥያቄም ይመላለስብኛል። ባለፈው ሰኞ ክፍለ ጊዜው ሊያበቃ ሲል ሀያት እጇን አውጥታ እንዲህ ነበር ያለችኝ፦ «ቲቸር፣ አይሁዶቹ ለምን ተስሂህ አላደረጉም?»

አንድም ልጅ አልሳቀም። ሁሉም እስክሪብቶ ይዘው መልሱን ሊጽፉ ጠበቁኝ። በየቤታቸው ከዚያ ቃል ሌላ የሚሰሙት የለም፤ አባት ተስሂህ ይሄዳል፣ እናት ተስሂህ ትጠብቃለች። ልጅቷ ወረቀቱ የተበላሸበት ሰው ሁሉ የሚሰለፍበት መስኮት ያለ ይመስላታል። ደወሉ አዳነኝና «ሰኞ እመልስልሻለሁ» አልኳት።

ስልኩ ጮኸ። ሀና ናት። ከኋላዋ የሴት ልጆች ጫጫታ ይሰማል፤ ያ ጫጫታ በየትም አገር አንድ ነው። ሳሊሕ ነገሩን ሲነግራት ድምፅ ማጉያው ላይ ነበርን።

«መምህር ነው እንዴ?» አለች። «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ሰዋቅ አላችሁት?»

የይለፍ ቃሉን ፊደል በፊደል ነገረችው። ሳሊሕ ተጫነ። ከዚያ እንደገና ተጫነ። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ተንቀጠቀጠ፤ ዝውውሩ መጽደቁን የሚነግር አጭር መልእክት። ከማተሚያው የወጣውን ወረቀት ስይዝ ገና ሙቅ ነበር። አቡ ሳሊሕ «ኸላስ» አሉና በሁለት እጃቸው አጨበጨቡ። እኔ ደግሞ ያላሰብኩትን አደረግሁ፤ ሰው ቤት፣ መጋረጃ መካከል ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ደስታ ነበር፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

7 ሰዓት ተኩል፤ ሐረም

አቡ ሳሊሕ በታክሲ ይዘውኝ ሄዱ። «ሰዋቅና ከፊል አብረው በሰው መኪና» እያሉ እስክንደርስ ሳቁ። ታላቁ መስጊድ፣ ሐረም፣ ዙሪያው በግንባታ ተከቧል፤ ክሬኖቹ ከሚናራዎቹ በላይ ረዝመዋል። ዙህር ከሰገድን በኋላ እብነ በረዱ ላይ የምስጋና ሱጁድ ወረድኩ። ግንባሬ ከቅዝቃዜው አልነሳ አለኝ። ሰባት ዓመት ፖሊስ ባየሁ ቁጥር ኪሴን ስዳስስ ኖሬ ዛሬ እጄ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ስንለያይ አቡ ሳሊሕ «አሁን እንግዲህ መንዳት ተማር» አሉኝ።

10 ሰዓት ተኩል፤ እንደገና ሹመይሲ

ጋሽ ሰይድ ወረቀቱን መሪው ላይ ዘርግቶ አየውና «አላልኩህም? ወላሂ አላልኩህም?» አለ፤ ያለው ሰውዬው ሞቷል ነበር። ከኋላ በዚህ ጊዜ ማንም የለም። ብቻችንን ወረድን።

ወጣቱ ፖሊስ ቃሉን ጠብቆ በመመለሻው በኩል ቆሟል። ወረቀቱን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ካርዶቹን በላስቲክ ጠፍሮ አወጣቸው፤ አልሰጠኝም ግን።

«ዐረብኛዋን አነበብኩ። እንግሊዝኛዎቹን ጓደኛዬ አነበበልኝ» አለ። «አንድ ነገር አልገባኝም። ይህ ሁሉ ሕግ ሲወጣባቸው ሄደው የሚያስተካክሉበት ቦታ አልነበረም?»

ሀያት መስላኝ ቀና ብዬ አየሁት። የጠየቀኝ የእሷኑ ጥያቄ ነው።

«አልነበረም» አልኩት። «ጥፋቱ ወረቀት ቢሆን ይስተካከል ነበር። ሕጉ የሚቆጥረው አያትን ነው። አያቶችህ አይሁድ ከነበሩ አንተም ነህ።»

«ሃይማኖቱን ቢቀይርስ?»

«ቢቀይርም አይረዳውም። አያቱ አይቀየሩማ።»

«ቢሰደድስ?»

«የቻለ ተሰደደ። ብዙ አገር ግን በሩን ዘጋ።»

ካርዶቹን በመዳፉ መታ መታ አደረጋቸው። «ላ ሐውለ» አለ ቀስ ብሎ። ከኋላችን ጥሩምባ ተነፋ። ካርዶቹን ሰጠኝና ጣራውን መታ፤ ሂዱ ማለቱ ነው።

ትንሽ እንደሄድን ጋሽ ሰይድ «ስታወሩ ሰምቻለሁ» አለኝ። «እንዲያ ከሆነማ መስተካከል የነበረበት ሕጉ ራሱ ነዋ!»

ሦስት ክፍለ ጊዜ ያስተማርኩት መምህር ያላልኩትን እሱ አለው። በዚህ ሰሞን ክፍል ውስጥም ሰፈር ውስጥም «ያው እንደኛ ናቸው» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ አንድ ነው አልልም። የእኔ ወረቀት ተበላሽቶ ነበር፤ ፈቃድ አምጥቼ፣ አዛውንት ለምኜ፣ የአንዲት መምህርት ዕረፍት ጠብቄ አስተካከልኩት። የእነዚያ ወረቀት ምንም ጉድለት አልነበረበትም፤ የተበላሸው የጻፈው እጅ ነው። ይህን ማለቴ ግን ከአጥሩ ወዲያ ፌስታላቸውን አቅፈው የተቀመጡትን ሰዎች ፍርሃት ለማቃለል አይደለም። በመስኮቱ ሳያቸው ያዘልኩት ደስታ ትንሽ አሳፈረኝ። ደስታው ግን አልሄደም፤ ጂዳ እስክንገባ አብሮኝ ነበር።

ሰኞ፣ ጠዋት 2 ሰዓት፤ ትምህርት ቤት

ምሕረቱ ትናንት አለቀ። ከቤት እስከ ትምህርት ቤቱ ስሄድ ሁለቴ አስቆሙኝ። ሁለቴም ወረቀቴን አይተው መለሱልኝ፤ ሁለቴም «ሹክራን» ያልኩት ከልቤ ነው። በየመንገዱ ሱቅ ዝግ ነው። ሰፈሩ የዒድ ጠዋት ይመስላል፤ ልዩነቱ ማንም አዲስ ልብስ አለመልበሱ ነው።

ደወሉ ሲደወል ክፍል ገባሁ። ስም መጥሪያውን ከፍቼ መጥራት ጀመርኩ። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ያስጨነቀኝ ልጆቹ ገብተው እኔን ቢያጡኝ የሚል ነበር። እኔ ገብቼ እነሱን ላጣ እንደምችል አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩም። ሃያ ሦስት ስም ጠራሁ፤ አሥራ አራት «አቤት» ሰማሁ። የሁለቱ ቤተሰብ ቅዳሜ ወደ አገር ገብቷል። የሌሎቹን የሚያውቅ የለም። ሀያትን ሁለት ጊዜ ጠራኋት። በመዝገቡ ላይ «ቀሪ» ብዬ መጻፍ ነበረብኝ፤ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አሳርፌ ቆየሁና አነሳሁት።

ልጆቹ ከመጀመሪያው ወንበር «ቲቸር፣ ሆነልዎት?» አሉኝ። «ሆነልኝ» ስላቸው አጨበጨቡ፤ አሥራ አራት ቢሆኑም ክፍሉን ሞሉት። ያን ጊዜ ትምህርቱን መጀመር ነበረብኝ። አልጀመርኩም። ቀኑን በሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፤ አጠፋሁና እንደገና ጻፍኩ። የሐሙሱን ጉዞ ተረኩላቸው፤ የዘምዘሙ ስልክ ላይ ስደርስ ሳቁ። የማወራው ጊዜ እንዲሄድልኝ መሆኑን እኔ አውቃለሁ፤ እነሱም ሳያውቁ አልቀሩም፤ በየመካከሉ በሩን ያያሉ።

ክፍለ ጊዜው ሊጋመስ ሲል በሩ ተንኳኳ።

ሀያት ናት። ጫማዋ አቧራ ለብሷል፤ ሻርፗ ግንባሯ ላይ በላብ ተጣብቋል። ከኋላዋ አባቷ ቆሟል፤ ሰላም አለኝ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለና ሄደ።

«ይቅርታ ቲቸር» አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ከጉለይል ባስ አልነበረም። በእግራችን ነው የመጣነው። አራት ቦታ አስቆሙን።»

«ወረቀታችሁ...?»

«ደህና ነው። ትናንት ማታ አለቀ።»

ሰው በሌላ ሰው ወረቀት እንዲህ እፎይ ሊል እንደሚችል አላውቅም ነበር። «ግቢ» አልኳትና በእጄ ወንበሯን አሳየኋት። ተቀመጠች። ውሃ ጠጣች። ደብተሯን አወጣች፤ ሰሌዳውን አየች፤ ከቀኑ በቀር የተጻፈ የለም።

«ቲቸር፣ የጥያቄዬን መልስ ሳልኖር ነገሯቸው እንዴ?»

«አልነገርኳቸውም» አልኳት። «አንቺን እየጠበቅን ነበር።»